የቤት ኮምፒውተራችንን ማን ይጠብቅ?

በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

 

የማኅበሩ ልጆች ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው፤ «ለቤት ኮምፒውተር የትኛውን ፋየርዎል፣ የትኛውን አንቲቫይረስ እንግዛ?» የሚል። ኮምፒውተር በመጠገን ስለምተዳደር ይህ ጥያቄ ሳይመጣብኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ስለዚህ መልሱን ለመጨረሻ አላስቀምጠውም። እዚህ ለተቀመጣችሁት ለአብዛኞቻችሁ መልሱ «ምንም አትግዙ» ነው። ለአንድ ቤት የሚበቃ ጠባቂ ኮምፒውተሩን ስትገዙ አብሮ መጥቶላችኋል፤ ዋጋውንም ያኔ ከፍላችኋል። አሁን የምነግራችሁ ለምን እንዲህ እንደምል ነው። ቀጥሎ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ትንሽ ጊዜና ከልጅ ጋር መነጋገርን የሚጠይቀውን ሥራ አነሣለሁ። እሱ ከመግዛት ይከብዳል።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። ፋየርዎል በዕብራይስጥ «ሆማት ኤሽ» ይባላል። ሲሰሙት የነካውን ሁሉ የሚያቃጥል የእሳት አጥር ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቃሉ የግንበኞች ቃል ነው፤ ከአንዱ ቤት የተነሣ እሳት ወደ ሌላው እንዳይሻገር በመካከል የሚቆም ግንብ ማለት ነው። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደጋችሁ አባቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የአንዱ ጎጆ ሲነድ ነፋሱ ፍንጣሪውን ይዞ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ምን ያህል ሩጫ እንደነበረ። እኔ ግን በአማርኛ ሳስረዳ «ኬላ» ማለት ይቀለኛል። ገመድ ተወጥሮበት መንገደኛው ሁሉ የሚጠየቅበት ኬላ።

ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር የሚነጋገርባቸው ቁጥር የተሰጣቸው በሮች አሉት፤ ከ65,000 በላይ ናቸው። ኬላው በእነዚህ በሮች ለሚመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ «ማን ጠራህ?» ይለዋል። ጋዜጣ ልታነቡ አንድ ገጽ ከከፈታችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ ራሱ ጠርቶታልና የገጹ መልስ ይገባል። ማንም ሳይጠራው በሩን የሚያንኳኳው ግን ይመለሳል። ማን ማንን እንደጠራ እያስታወሰ የሚጠብቀውን ይህን ዘዴ ወደ ገበያ ካወጡት ቀዳሚዎች አንዱ ቼክ ፖይንት የሚባለው ኩባንያ ነው። በ1993 እዚሁ እስራኤል ውስጥ ጊል ሽዌድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መሠረተው፤ ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ወጣት ነው። ለባግሩት የምትዘጋጁ ልጆች ይህችን በልባችሁ ያዙልኝ።

ታዲያ «ግዙ» የሚለው ምክር ከየት መጣ? ከድሮ ነው። በድሮው ጊዜ እውነት ነበር። በ2003 በኦገስት ወር ብላስተር የሚባል ትል በዓለም ተሠራጨ። ትል የምንለው ሰው ምንም ሳይጫን ራሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሻገረውን ነው። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ይያዛል፤ ከዚያ ራሱን እያጠፋ ራሱን ያስነሣል። በዚያን ጊዜ በዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ ፋየርዎል ነበረ፤ ግን ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። ኬላ ሠርቶ ዘበኛውን እቤቱ እንደማስተኛት ነው። ስለዚህ ሰው ዞን አላርምን የመሰለ ፕሮግራም ከውጭ ያመጣ ነበር፤ ልክም ነበር። በዓመቱ፣ በ2004 ኦገስት፣ ማይክሮሶፍት ትልቅ ማሻሻያ አወጣና ፋየርዎሉ ከመጀመሪያው ተከፍቶ እንዲመጣ አደረገ። ከ2012 ወዲህ፣ ማለት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ አንቲቫይረሱም አብሮ ይመጣል፤ ስሙ ዲፌንደር ነው። እንግዲህ የአጎታችሁ ልጅ «ዊንዶውስ ብቻውን ምንም አያደርግም» ካላችሁ ምክሩ ከ20 ዓመት በፊት የተሰጠ ነው።

እቤት ስትገቡ ይህን አድርጉ። የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከሆነ መፈለጊያው ላይ በዕብራይስጥ «አቭታሃት ዊንዶውስ» ብላችሁ ጻፉ። የጋሻ ምልክት ያለበት መስኮት ይከፈታል። «ሆማት ኤሽ» በሚለው ውስጥ ሦስት ዓይነት መረብ ተጽፎ ታያላችሁ፤ የመሥሪያ ቤት፣ የግልና የሕዝብ። ሦስቱም ላይ አረንጓዴ ምልክት ካለ ዘበኛው ሥራ ላይ ነው። በባቡር ወይም በቡና ቤት ዋይፋይ ስትጠቀሙ «ጺቡሪ»፣ ማለት የሕዝብ የሚለውን ምረጡ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ኮምፒውተራችሁን በመረቡ ላይ እንዳያየው ያደርጋል። ማክ ያላችሁ ደግሞ አደራ፤ እዚያ ፋየርዎሉ አብሮ ቢመጣም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ግቡና አብሩት።

ልጆች፣ አንድ ነገር ለእናንተ። አዲስ ጨዋታ ስትጭኑ «ይህ ፕሮግራም በሆማት ኤሽ በኩል እንዲያልፍ ትፈቅዳለህ ወይ?» የሚል መስኮት ብቅ ይላል። ሁላችሁም ሳታነቡት ትፈቅዳላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ያ ጥያቄ ከውጭ ሰው ወደ እናንተ እንዲገባ በር ልክፈት ወይ ማለት ነው። እምቢ ብትሉ ጨዋታው ብዙ ጊዜ እንደወትሮው ይሠራል። ካልሠራ ያኔ መልሶ መፍቀድ ይቻላል።

ሁለተኛው ኬላ ግድግዳው ላይ ወይም ከቴሌቪዥኑ ኋላ አቧራ ለብሶ ያለው ራውተር ነው። ከቴክናዩ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣውን በመጀመሪያ የሚያስቀረው እሱ ነው፤ ግን እሱ ራሱ ቁልፍ አለው። የዋይፋዩን ሲስማ ማለቴ አይደለም፤ የራውተሩን ቅንብር የሚከፍተውን ሁለተኛውን ሲስማ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ሲስማ ካልተቀየረ፣ በዓለም ላይ ተመሳሳይ ዕቃ የያዘ ሰው ሁሉ ቁልፋችሁ በኪሱ አለ ማለት ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በዚህ መንገድ ነው። የፋብሪካ ሲስማዎችን ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ሞከረ፤ በቃ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በእነዚያ ዕቃዎች ተጠቅመው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ገጾችን ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረጉ። አያትን ለመጠበቅ ካሜራ የተከላችሁ ሰዎች፣ የካሜራውን ሲስማ ዛሬ ማታ ቀይሩ።

እስካሁን ያወራሁት ሳይጠራ ስለሚመጣው ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኬላው «ማን ጠራህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው ብያለሁ። እናንተ ራሳችሁ ጠርታችሁ ያስገባችሁትን እንግዳ ግን ኬላው ምን ያደርገዋል? በደንብ አድርጎ ያሳልፈዋል። በገበያ ላይ ያለው ውዱ ፋየርዎልም እንዲሁ ነው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ችግር አብዛኛው በሩን ሰብሮ የገባ አይደለም፤ «ግባ» ተብሎ የገባ ነው።

አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ መጣ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ለሚጫወተው ጨዋታ ማጭበርበሪያ ፕሮግራም አውርዷል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ፤ በስህተት ቫይረስ ነው ይልሃል» ብሎ ያስተምራል። ልጁ አጠፋ፣ ጫነ፣ ጨዋታው ሠራ። የገባው ግን ሌባ ነበረ። የዚህ ዓይነቱ ሌባ ኮምፒውተሩን አያበላሽም፤ ዝም ብሎ በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን ሲስማዎች ለቅሞ በደቂቃ ውስጥ ይልካል። በዚያ ብራውዘር ውስጥ የማን ሲስማ ነበረ? የልጁ የጨዋታ ሲስማ ነበረ። የእናቱ ኢሜይልም፣ የባንክ መግቢያቸውም፣ የኩፓት ሆሊሙም፣ የቢቱዋህ ሌኡሚውም ነበረ። ሁሉንም የሚሞላላቸው እሱ ነዋ!

ይህ ልጅ ሰነፍ ወይም ዱርዬ አይደለም፤ እንደዚህ እንዳታስቡ። የቤቱ ጸሐፊ ነው። በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ይመጣል፣ ልጁ ያነባል፤ ቀጠሮ ልጁ ይይዛል፤ የመብራቱን ሂሳብ ልጁ ይከፍላል። በሌላው ቤት አባት ለልጁ ኮምፒውተር ይከፍትለታል፤ በእኛ ቤት ልጅ ለአባቱ ይከፍታል። ስለዚህ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ የያዘውና ማታ ማታ ከማያውቀው ቦታ ዕቃ የሚያወርደው አንድ ሰው ነው። ኩባንያዎቹ የሚሸጡት ሳጥን ይህን አያውቅም፤ የትኛውም ፕሮግራም አይፈታውም።

የሚፈታው መለያየት ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው የየራሱ መግቢያ ሊኖረው ይችላል፤ ክፍያ የለውም። «ሃግዳሮት» ውስጥ «ሄሽቦኖት» የሚለውን ክፈቱ። ለጨዋታና ለትምህርት አንድ መግቢያ፣ ለባንክና ለወረቀት ሥራ ሌላ መግቢያ አውጡ። ሁለቱም ተራ ተጠቃሚ ይሁኑ። «መናሄል» የሚባለው፣ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን ያለው፣ ሦስተኛ ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሲስማው በወላጅ እጅ ይሁን። በደብተር ላይ በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡት። «ወረቀት ላይ ሲስማ አይጻፍም» የሚሏችሁን አትስሙ፤ ከሮማንያ ወይም ከብራዚል የሚሰርቅ ሌባ ቁም ሳጥናችሁን አይከፍትም። ልጁ አዲስ ነገር መጫን ሲፈልግ «አባዬ፣ ና ሲስማውን አስገባልኝ» ይላል፤ አባትየውም «ይህ ምንድን ነው ልጄ? ከየት ነው ያወረድከው?» ብሎ ይጠይቃል። ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልገውም። ልጁ ለመመለስ ሲቸገር ያየዋል፤ እሱ ይበቃል። ይህ አባትን እንደገና የቤቱ አባት ያደርገዋል፤ እኔ በበኩሌ ከደኅንነቱ ያላነሰ ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ልጁ ጥፋት አጥፍቶ ሲመጣ በመጀመሪያው ሰዓት አትቆጡት፤ ቁጣውን ለነገ አቆዩት። ልጅ ቁጣ ከፈራ ይደብቃል፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ሰዓት ገንዘብ ነው። ባንክ ተደውሎ ካርዱ የሚዘጋው፣ ሲስማው ከሌላ ንጹሕ ስልክ የሚቀየረው ቶሎ ከታወቀ ነው። ያ ያልኳችሁ ልጅ ሦስት ቀን ደብቋል። ሦስት ቀን።

እናንተ ልጆች ደግሞ ይህን ስሙ። ለእናታችሁ የባንክ መልእክት ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ከትምህርት ቤት ወይም ከሠራዊት ትደውሉና «እማዬ፣ በስልክሽ ስድስት ቁጥር መጥቷል፤ አንብቢልኝ» ትላላችሁ። ታነብላችኋለች። በዓመት ሃያ ጊዜ ታነብላችኋለች። ታዲያ አንድ ቀን ትሑት ድምፅ ያለው ሰው ደውሎ «ከባንክ ነው፣ እመቤቴ፣ የመጣልሽን ቁጥር አንብቢልኝ» ሲላት ለምን ትጠራጠራለች? ቁጥሩን ማንበብ ያስለመድናት እኛ ነን። ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ እንደሆነ ማንም አልነገራትም። እንግዲህ ልማዱን እንለውጥ፤ ቁጥሩ የሚነበበው እናት ራሷ ለልጇ ስትደውል ብቻ ይሁን፤ ደውሎ ለጠየቃት ለማንም፣ የልጇን ድምፅ ቢመስል እንኳ፣ አይነበብ። ድምፅ ማስመሰል ዛሬ ቀላል ሆኗል። በቤተሰብ መካከል አንድ የምስጢር ቃል ተስማሙ፤ የአያት የትውልድ መንደር ስም ወይም የድሮ በሬያቸው ስም ሊሆን ይችላል። የበሬ ስም በፌስቡክ ላይ አይገኝም።

የሐሰት መልእክቱ ነገር እንዲሁ ነው። «ከፖስታ ቤት የመጣልህ ዕቃ ታግዷል፤ 11 ሼቀል ክፈል»፣ «የመንገድ ክፍያ ዕዳ አለብህ»፣ «አበልህ ሊቆም ነው፤ እዚህ ተጫን» የሚሉ መልእክቶች ሁላችሁም ደርሰዋችኋል። እነዚህን ፋየርዎል አያቆማቸውም፤ ስልክ ላይ ነው የሚመጡት። ከዚህ የሚከፋው በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉውን መስኮት ሞልቶ እየጮኸ «ኮምፒውተርህ ተይዟል፤ በዚህ ስልክ ደውል» የሚለው ነው። እርግጡን ልንገራችሁ፤ እውነተኛ የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ላይ ስልክ ቁጥር አይጻፍም። ቁጥር ካለበት ውሸት ነው። ከደወላችሁ አንድ ፕሮግራም አስጭነው ከሩቅ ሆነው ኮምፒውተሩን ይዘውራሉ፤ እየተዘረፈ ያለው ሰው ደግሞ እየተረዳ ይመስለዋል። መስኮቱን ዝጉት፤ አልዘጋ ካለ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ከተጠራጠራችሁ በ119 ደውሉ፤ የብሔራዊው የሳይበር ድርጅት መስመር ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል። በልጅ ላይ በኢንተርኔት ማስፈራራት ወይም ማዋረድ ከደረሰ ደግሞ 105 አለ።

እንግዲህ «አይ፣ እኔ ግን ገዝቼ ልተኛ» የሚል ሰው ይኖራል። ኃጢአት አይደለም። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ አንቲቫይረስ አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። ሁለት ዘበኛ በአንድ በር ላይ ብታቆሙ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ኮምፒውተሩም ይዘገያል። ሌላ ስትጭኑ የዊንዶውሱ ዲፌንደር ቦታውን ይለቃል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ ተጭኖ የመጣ ፕሮግራም ጊዜው ሲያልቅ «አልተጠበቅህም» እያለ ማስፈራራት ይጀምራል፤ ፈርታችሁ አትክፈሉ። ፕሮግራሙን አስወግዱት፤ ዲፌንደር ወደ ሥራው ይመለሳል።

ቀጥሎ፣ የትኛው ጥሩ ነው ለሚለው ሻጩን አትጠይቁ፤ እኔንም አትጠይቁ። ጀርመን ውስጥ ማግደቡርግ ያለው ኤቪ-ቴስት፣ ኦስትሪያ ውስጥ ኢንስብሩክ ያለው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ፣ እነዚህ ሁለቱ ፕሮግራሞቹን እየፈተኑ ውጤቱን ለሁሉም በነጻ ያወጣሉ። ዲፌንደርም እዚያ ይፈተናል፤ ከሚከፈልባቸው ጋር አብሮ ጥሩ ውጤት ያገኛል። ሌላው የማይነገራችሁ ነገር፣ መደርደሪያው ላይ አራት ስም ብታዩም ባለቤቱ አንድ ሊሆን ይችላል። ኖርተን፣ አቫስት፣ ኤቪጂና አቪራ ዛሬ ሁሉም የአንድ ኩባንያ ናቸው። «ነጻ» የሚለውንም ቃል ጠርጥሩ። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ጉዞ ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ይሸጥ እንደነበር በ2020 ታወቀ፤ በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ዘበኛው ራሱ ከቤት ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ለገበያ ሲያወራ ነበር ማለት ነው። በዚያው በ2024 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የሩሲያው ካስፐርስኪ በአገሩ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ ግን ለዘበኛ ሙሉ ቁልፍ ነው የምንሰጠው፣ የማን ሰው እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

የዋጋው ነገርም አለ። በመጀመሪያው ዓመት ርካሽ ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ሳይጠይቃችሁ ከካርዱ ላይ ከፍ ብሎ ይወርዳል። አንዲት እናት የኢንተርኔት ሂሳባቸውን አሳዩኝ፤ በየወሩ «የጥበቃ አገልግሎት» የሚል ጥቂት ሼቀል አለበት፤ ኩባንያውን አልጠራውም። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ አራት ዓመት ሆኖታል። ጥቂቷ ሼቀል በአራት ዓመት ስንት እንደምትሆን እናንተው ደምሯት። ሂሳባችሁን አምጡና ከልጆቻችሁ ጋር መስመር በመስመር አንብቡት። በየወሩ የሚከፈል አገልግሎት በፈለጋችሁት ጊዜ ማቋረጥ ትችላላችሁ። በስልክ ተነጋግረው ለሸጡላችሁ አገልግሎት ደግሞ ሕጉ ለማንኛውም ሰው 14 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ሲሰጥ፣ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና ወደ አገር ከገቡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ኦሊም አራት ወር ይሰጣል። ወርዶ የተከፈተ ፕሮግራም ግን ከዚህ ሊለይ ስለሚችል፣ ሳትወስኑ አታውርዱ። ለሕፃናት የማይሆን ነገር የሚያጣራውን፣ «ሲኑን» የሚባለውን፣ የኢንተርኔት አቅራቢው ያለ ተጨማሪ ክፍያ መስጠት ግዴታው ነው፤ ለእሱም አትክፈሉ።

ስለ ዊንዶውስ 10 ሳልናገር አላልፍም፤ በብዙ ቤት ያለው እሱ ነውና። ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ግን አዲስ የተገኘ ቀዳዳ አይደፈንም። ለቤት ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ ማራዘሚያ አለ፤ መመዝገብ ያስፈልጋል። ማሻሻያ ለምን እንዲህ እንደማስጨንቃችሁ በአንድ ነገር ላስረዳ። በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ 300 ዶላር ጠየቀ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ የወጣው ግን በማርች ወር ነው፤ ከሁለት ወር በፊት። ማሻሻያውን የጫነ ሰው ቀዳዳው ተደፍኖለት ነበር። ዓርብ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ለሰንበት ስታጠፉ «አሻሽለህ አጥፋ» የሚለውን ምረጡ፤ ሰንበት ከወጣ በኋላ ስትከፍቱት ሥራውን ጨርሶ ይጠብቃችኋል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የማይችል አሮጌ ከሆነና ለባንክ የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ለአንቲቫይረስ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለሌላ ኮምፒውተር አጠራቅሙት።

ሁሉም ነገር ሲያልፍ የሚቀረው ቅጂ ነው። ባንክ የተሰረቀን ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ይመልሳል። የአያታችሁን ድምፅ፣ ከጎንደር በእግር ወደ ሱዳን ስለተጓዙበት መንገድ ሲናገሩ የቀዳችሁትን፣ ማን ይመልሳል? ያንን ከአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አስቀምጦ ፋየርዎል መምረጥ ነገሩን መገልበጥ ነው። አንድ የውጭ ዲስክ ግዙ፤ እንግዲህ ገንዘብ አውጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ቅዱበትና ንቀሉት። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ፋይል ቆላፊው ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። ከቻላችሁ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዘመድ ቤት አኑሩ።

ከመነሣቴ በፊት በወረቀት የመጣልኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ። አንድ አባት «ስልኬስ? እኔ ኮምፒውተር የለኝም» ብለዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለስልክ ፋየርዎል አይፈልጉ፣ አባባ። ማመልከቻዎችን ከስልኩ መደብር ብቻ ያውርዱ፣ በመልእክት የመጣን ፋይል አይጫኑ፣ ማሻሻያ ሲጠይቅዎት እሺ ይበሉ፣ ያንን ስድስት ቁጥር ለማንም አያንብቡ። ሌላው ይቆየን።

አሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ በመስኮቱ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ኑ፤ የማኅበሩ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው መግቢያዎቹን ይለያዩላችኋል። ሲስማውን ራሳችሁ አስገቡ፤ ልጆቹ ዞር ብለው ይቆማሉ። ቻርጀር የረሳችሁ ሁለት ትርፍ አለኝ።